«ጎማው ተነፈሰ»፦ ባለ ሽቦ የሞተር ብስክሌት መንኮራኩር ቀስ በቀስ አየር ሲያጣ የሚያስፈልጉ ቃላት

መግቢያ

የሙያ ቃላት ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በስሞች ላይ ነው። ለአንድ ዕቃ ወይም ለአንድ የዕቃ ክፍል ተስማሚ ስም ከተገኘለት የቃላት ሥራው የተፈጸመ ይመስላል። የጥገና መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ ግን የዚህን አመለካከት ጎደሎነት ያሳያል። በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች አንባቢውን ይበልጥ የሚያሳስተው የስም መታጣት ሳይሆን የግሥ መደበላለቅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሐሳቡን በአንድ ጠባብ ጉዳይ ላይ እንፈትነዋለን። ጉዳዩም በሽቦ የተወጠረ የሞተር ብስክሌት መንኮራኩር አየሩን ቀስ በቀስ ሲያጣ የብልሽቱን ስፍራ መለየትና መጠገን ነው። የተሽከርካሪውን ክብደት በአመዛኙ የሚሸከመው በጎማው ውስጥ የታመቀው አየር ነው። አየሩ ሲጎድል ሞተር ብስክሌቱ በመታጠፊያ ላይ ይዋልላል፤ ጎማውም ከመጠን በላይ ይሞቃል። የፊተኛው ጎማ በጉዞ ላይ ባዶ ቢሆን አሽከርካሪው ሚዛኑን ሊስት ይችላል። ስለዚህ በመመሪያው ትርጉም ውስጥ የገባ አንድ የተሳሳተ ግሥ የአካል ጉዳት ሊያስከትል ይችላል ብንል ማጋነን አይሆንም።

1. የአካላቱ ስሞች

በጥገና ቤቶች ከሚነገሩት ስሞች ብዙዎቹ ከኢጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። «ጎማ»ና «ዳዶ» መልካቸውን ሳይለውጡ ገብተዋል። «ቸርኬ» ክብ ቀለበት ማለት ከሆነው «ቼርኪዮ»፣ «ማስቲሽ» ደግሞ ከ«ማስቲቼ» የመጡ ናቸው። ለቋንቋ ተመራማሪ ይበልጥ የሚጥመው ግን የ«ካሜራ ዳርያ» ጉዞ ነው። የቃል በቃል ትርጉሙ «የአየር ክፍል» የሆነው ይህ ሐረግ በአማርኛ ተናጋሪ አንደበት አንድ ቃል ሆኖ በአንዳንዱ ዘንድ «ከመነዳሪ»፣ በሌላው ዘንድ «ካላማዳሪ» ተብሏል። በሁለቱም ዘንድ ሐረጉ የያዛቸው ሁለት የ«ር» ድምፆች ተለያይተዋል። በመጀመሪያው ፊተኛው «ር» ወደ «ን» ተለውጧል፤ በሁለተኛው ወደ «ል» ተለውጦ ከ«ም» ጋር ቦታ ተቀያይሯል።

«ጎማ» ዛሬ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ያመለክታል፤ ይኸውም ቁሱን፣ የውጩን ሽፋንና መንኮራኩሩን በሙላው። «ጎማውን ፍታ» የሚለው ትእዛዝ መንኮራኩሩን ከሞተር ብስክሌቱ ማውረድ ወይም ሽፋኑን ከቸርኬው ማላቀቅ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ተርጓሚዎች ለከመነዳሪ «የውስጥ ጎማ» የሚል መተኪያ ሲጠቀሙ ችግሩን ያባብሱታል እንጂ አያቃልሉትም፤ አሻሚውን ቃል ለአራተኛ ሥራ ማሰማራታቸው ነውና። በእኛ አስተያየት «ጎማ» ለውጩ ሽፋን ብቻ፣ «መንኮራኩር» ለሙሉው አካል፣ «ከመነዳሪ» ለውስጡ የአየር ከረጢት ቢወሰኑ ይበቃል። «ቸርኬ»ም አንዳንድ ጊዜ መንኮራኩሩን በሙሉ ስለሚያመለክት ጎማው ለሚቀመጥበት የብረት ቀለበት ብቻ ቢወሰን መልካም ነው።

ቸርኬውን ከመንኮራኩሩ እምብርት ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን ብረቶች በተመለከተ «ወጋግራ» የሚለው ቃል በቅርጽ ተስማሚ ይመስላል፤ የክብ ቤት ወጋግራ ከምሰሶው አናት ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ይዘረጋልና። በሥራ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ወጋግራ ጭነትን በመደገፍ ይሸከማል፤ የሞተር ብስክሌቱ ቀጭን ሽቦ ግን የሚሠራው እንደ ድንኳን ገመድ ተወጥሮ በመሳብ ነው። በመሆኑም «ወጋግራ»ን ለእንጨት ጋሪ መንኮራኩር ትተን እነዚህን «ወጣሪ ሽቦ» ብንላቸው እንመርጣለን። ሽቦው ከቸርኬው ጋር የሚታሰርበት ትንሽ ማጥበቂያ «የሽቦ ዳዶ»፣ የዳዶዎቹን ጫፍ ሸፍኖ ከመነዳሪውን ከመወጋት የሚጠብቀው ቀለበታማ ጨርቅ ወይም ላስቲክ «የቸርኬ ጥብጣብ» ሊባሉ ይችላሉ።

2. የግሦቹ ድንበር

ጎማ አየሩን ሲያጣ ተናጋሪው ሁሉ «ተነፈሰ» ይላል። ይህ ግሥ «ነፋ» ከሚለው ጋር ቢመሳሰልም ሥራቸው ልዩ ነው። «ነፋ» የግዕዙ «ነፍኀ» ወገን ሲሆን «ተነፈሰ» ከ«ነፍስ»ና ከ«ነፋስ» ጋር ይዛመዳል። የሁለቱ በአንድ ዕቃ ላይ መገናኘት፣ ማለትም ሰው የነፋው መተንፈሱ፣ ለጆሮ ያማረ ቢሆንም ለምርመራ አይበቃም። «ተነፈሰ» የሚነግረን ውጤቱን ብቻ ነው፤ አየሩ እንዴት እንደሄደ አይናገርም።

አማርኛ ግን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። አራት ግሦች አራቱን ሁኔታዎች ለይተው ሊይዙልን ይችላሉ።

ሀ) ቀነሰ። ምንም አየር ሳይወጣ ግፊቱ በቅዝቃዜ ሊወርድ ይችላል። በ2 ባር ገደማ የተነፋ ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ግፊቱ በ0.1 ባር ያህል ይጎድላል። ቀን በሙቀት የተለካ ጎማ በማግሥቱ ንጋት ቢጎድል ይህ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም።

ለ) ሰረገ። ውሃ ወደ መሬት እንደሚሰርግ ሁሉ አየርም ቀዳዳ በሌለው ላስቲክ በኩል እጅግ በዝግታ ያልፋል። ይህ የቁሱ ጠባይ ስለሆነ መድኃኒቱ በየጊዜው ለክቶ መሙላት ነው።

ሐ) ሾለከ። አየሩ በጠባብ ቀዳዳ ወይም በላላ ክዳን በኩል በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ያመልጣል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

መ) ፈነዳ። አየሩ በቅጽበት ይወጣል።

ተርጓሚው አራቱንም «ተነፈሰ» ቢላቸው አንባቢው ጤነኛውን ከመነዳሪ ይለጥፋል፤ ወይም ደግሞ የሚሾልከውን «ብርድ ነው» ብሎ ይተወዋል። «ይፈሳል» ማለትም አይበጅም፤ ግሡ ፈሳሽን ስለሚያስብ አንባቢው የዘይት ወይም የነዳጅ ጉዳይ ሊመስለው ይችላል።

3. መሾለኪያና መውጫ

ባለ ሽቦ መንኮራኩር ሌላ ልዩነት እንድናበጅ ያስገድደናል። ቸርኬው በየሽቦው ዳዶ የተበሳ ስለሆነ በራሱ አየር አይዝም፤ ከመነዳሪ የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው። ከመነዳሪው በአንድ ስፍራ ሲበሳ አየሩ በቸርኬና በጎማ መካከል ተዘዋውሮ በሌላ ስፍራ፣ ምናልባትም በሩቅ ባለ ዳዶ ሥር ወይም በቫልቩ ዙሪያ፣ ብቅ ይላል። ጠጋኙ የሳሙና ውሃ ቀብቶ አረፋ ያየበት ቦታ ስለዚህ የብልሽቱ ቦታ ላይሆን ይችላል። ከመነዳሪው የተበሳበትን «መሾለኪያ»፣ አየሩ ለዓይን የሚታይበትን «መውጫ» ብለን እንድንለይ የምናሳስበው በዚህ ምክንያት ነው። መመሪያው «አረፋ በታየበት ስፍራ ያለውን ቀዳዳ ድፈን» ቢል ጠጋኙ ዳዶ ሲያጠብቅ ይውላል፤ ጎማውም በማግሥቱ ተንፍሶ ያድራል።

4. ምርመራውና ጥገናው

ከዚህ በላይ የተለዩትን ቃላት ይዘን የሥራውን ቅደም ተከተል እንመልከት።

በመጀመሪያ ግፊቱ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለካል፤ በማግሥቱም በዚያው ሰዓት እንደገና ይለካል። ጉድለቱ ከቅዝቃዜ በላይ ከሆነ የቫልቩ አፍ በሳሙና ውሃ ይረጥባል። አረፋ ከአፉ ከወጣ የሾለከው በቫልቩ ፍሬ፣ ማለትም በውስጡ በተጠመዘዘው ትንሽ መክደኛ፣ በኩል ነው። ይህም መሾለኪያውና መውጫው አንድ ከሚሆኑባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ነው። ፍሬው ይጠብቃል ወይም ይለወጣል፤ መንኮራኩሩን ማውረድ አያስፈልግም።

ቫልቩ ጤነኛ ከሆነ መንኮራኩሩ ይወርዳል። ጎማው ከመላቀቁ በፊት ከቫልቩ ትይዩ ያለው ስፍራ በጠመኔ ይመለከታል፤ በኋላ የከመነዳሪውን ቀዳዳ ከጎማውና ከቸርኬው ጋር ለማስተያየት የሚቻለው በዚህ ምልክት ነው። ከዚያም ከመነዳሪው በመጠኑ ተነፍቶ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ይጠልቃል። የቀዳዳው ስፍራ ምክንያቱን ይናገራል።

በውጭ በኩል፣ ማለትም በጎማው ፊት ከሆነ፣ ሚስማር ወይም እሾህ በጎማው ውስጥ ይፈለግ። እሾሁ ሳይነቀል ከመነዳሪውን መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው። በቸርኬው በኩል ከሆነ የሽቦ ጫፍ ከዳዶው አልፎ ወጥቷል፣ ወይም ጥብጣቡ ተቀዷል፤ የወጣው ጫፍ በሞረድ ይስተካከላል፣ ጥብጣቡም ይለወጣል። ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ስንጥቆች ከታዩ ከመነዳሪው በማውለቂያ ብረት ወይም በጎደለ አየር ምክንያት በቸርኬውና በጎማው መካከል ተቆንጥጧል። ስንጥቁ በቫልቩ ሥር ከሆነ ጎማው በቸርኬው ላይ እየዞረ ከመነዳሪውን ስቦታል፤ ይህ ልጥፍ ስለማይዝ ከመነዳሪው ይለወጣል።

ለሚለጠፈው፣ ስፍራው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ይጸዳል፣ ማስቲሽ በስሱ ይቀባል። ልጣፊው የሚጫነው ማስቲሹ በጣት ሲነካ የማይለጠፍ እስኪሆን ከተጠበቀ በኋላ ነው።

5. ከመነዳሪ የሌለው ባለ ሽቦ መንኮራኩር

እ.ኤ.አ. በ1987 ቢ.ኤም.ደብሊው ለገበያ ያቀረበው አር 100 ጂ.ኤስ. ሽቦዎቹ በቸርኬው ጠርዝ ላይ፣ አየር ከሚታመቅበት ክፍል ውጭ፣ የታሰሩለት በመሆኑ ያለ ከመነዳሪ ሊሠራ ችሏል። ሌሎች ባለ ሽቦ ቸርኬዎች ደግሞ የዳዶዎቹ ቀዳዳ በውስጥ በኩል አየር በማያሳልፍ ማሸጊያ ተደፍኖ ከመነዳሪ ሳይኖራቸው ይሠራሉ። በነዚህ በኋለኞቹ በዳዶ ሥር የታየ አረፋ በእርግጥም የማሸጊያውን ብልሽት ያመለክታል። እንግዲህ አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር በአንዱ መንኮራኩር እውነት፣ በሌላው ሐሰት ሆኖ ይገኛል። ተርጓሚው መመሪያው ለየትኛው እንደተጻፈ ሳያረጋግጥ ሊነሣ አይገባውም።

ማጠቃለያ

የሚከተሉትን አጠቃቀሞች ለውይይት እናቀርባለን፦

ጎማ — የውጩ ሽፋን ብቻ።
መንኮራኩር — ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ፣ ሽቦና እምብርት በአንድነት።
ከመነዳሪ — የውስጡ የአየር ከረጢት።
ወጣሪ ሽቦ — እምብርቱንና ቸርኬውን በመሳብ የሚያያይዝ ቀጭን ብረት።
መሾለክ፣ መስረግ፣ መቀነስ — በየድንበራቸው፤ «መተንፈስ» ለውጤቱ ብቻ።
መሾለኪያ — አየሩ የሚያመልጥበት ቀዳዳ።
መውጫ — ያመለጠው አየር የሚታይበት ስፍራ።

ከእነዚህ መካከል አንድም ከባዶ የተፈጠረ ቃል የለም። ባለሙያው የሚናገራቸውን ስሞች ጠብቀን፣ የገበሬውና የቤት ሠሪው ግሦች ወደ ጥገናው ቤት እንዲገቡ ብቻ ነው የጠየቅነው። የሙያ ቃል ሚዛኑ የተጠጋኙ መንኮራኩር ነው፤ ትርጉሙን አንብቦ የሠራው ጠጋኝ መሾለኪያውን ካገኘ ቃሉ ትክክል ነው።