የሲዲ ስብስብን ወደ ኮምፒውተር ማሻገር

በሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ ከመነሻውም ቁጥር ነው። ፊሊፕስና ሶኒ በጋራ ባወጡት ደረጃ መሠረት የድምፁ ሞገድ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ይይዛል፤ ግራና ቀኙ ለየብቻ ይመዘገባሉ። ይህ ሲባዛ በሴኮንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው የሶኒ ሲዲፒ 101 ማጫወቻ ሥራው ሁለት ነበር፤ እነዚህን ቁጥሮች በሌዘር ማንበብና ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ለውጦ ለአምፕሊፋየር ማቀበል። ወደ ኮምፒውተር የሚሻገር ሰው በአንድ ሳጥን ውስጥ የነበሩትን እነዚህን ሁለት ሥራዎች ይለያያቸዋል። ንባቡ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያበቃል፤ ልወጣው ግን ሙዚቃ በተሰማ ቁጥር ይደገማል። ስለዚህ ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በንባቡ ላይ ነው፤ እዚያ የተበላሸውን የቱንም ያህል ውድ ዕቃ አያቃናውም።

የሲዲ ማጫወቻ ጊዜ የለውም። ዘፈኑ እየሄደ ስለሆነ ያላነበበውን ቦታ ደጋግሞ የሚሞክርበት ፋታ አያገኝም። በዲስኩ ላይ አብሮ የተጻፈው የእርማት ኮድ በትራኩ አቅጣጫ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጭረትን ሙሉ በሙሉ መጠገን ይችላል። ጉዳቱ ከዚያ ካለፈ ማጫወቻው ከጎንና ጎን ካሉት ልኬቶች ተነሥቶ የጎደለውን ይገምታል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ለጆሮ አይታወቅም፤ አንዳንዴ ግን ቀጭ የሚል ድምፅ ይወጣል፣ ወይም ዘፈኑ ይዘላል።

ኮምፒውተር ጊዜ አለው። በዊንዶውስ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ፣ በማክ ደግሞ ኤክስኤልዲ የተባሉት ፕሮግራሞች ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ጥንቃቄ በተሞላበት የአሠራር ስልቱ እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቦ ያነጻጽራል። ካልተመሳሰለ የዲስኩን ፍጥነት ቀንሶ እዚያው ቦታ ላይ ይመላለሳል። ጥሩ ዲስክ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ ክፉኛ የተጫረ ግን በአንድ ዘፈን ላይ ብቻ ረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል፤ መጨረሻ ላይም የተጠረጠረው ሴኮንድ በሪፖርቱ ውስጥ ይጻፋል። ውጤቱን ሌሎች ሰዎች ከተመሳሳይ ዲስክ ካገኙት ጋር የሚያመሳክር አኩሬትሪፕ የሚባል መዝገብም አለ። በጥቂት ቅጂ የታተመ አልበም በመዝገቡ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ በሁለት የተለያዩ ድራይቮች ቀድቶ ሁለቱን ማነጻጸር አስተማማኝ ዘዴ ነው።

በኮምፒውተር ተቀድተው በየመንገዱ የተሸጡ ዲስኮች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ብዙዎቹ ከኤምፒ3 የተገለበጡ በመሆናቸው ከሙዚቃው የተቀነሰው አስቀድሞ ጠፍቷል፤ በጥንቃቄ መቅዳትም አይመልሰውም። የተቀዱበት ቀለም በብርሃንና በሙቀት ስለሚደክም ግን ከሌሎቹ ቀድመው መገልበጥ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት ብዙ አያከራክርም። ጆሽ ኮልሰን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ፍላክ ነፃ ነው፤ ፋይሉን ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ያሳንሰዋል፤ ከሙዚቃው ግን አንዲት ቢት አይጥልም። ታጥፎ ሣጥን የገባ ጋቢ ሲዘረጋ ያው ጋቢ እንደሚሆነው፣ ፍላክም ሲከፈት ያው ሲዲ ነው። የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 635 ሜጋባይት መሆኑ ቀርቶ ወደ 350 ገደማ ስለሚወርድ፣ መካከለኛ ሃርድ ዲስክ በመቶዎች የሚቆጠሩ አልበሞችን ያለችግር ይይዛል።

ከዚህ ሁሉ አድካሚው ስም መስጠት ነው፤ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ደግሞ ይብሳል። ፕሮግራሞቹ የአርቲስትና የዘፈን ስም ከኢንተርኔት ያመጣሉ፤ የሚያመጡት ግን በላቲን ፊደል ነው፤ አንዱ ዘፋኝ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሦስት ሰው ሆኖ ይቀመጣል። በምዕራባውያን ልማድ ሲደረደሩም አስቴር አወቀ በአባቷ ስም ሥር ትገባለች፤ አድማጭ ግን የሚፈልጋት አስቴር ብሎ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባና ፍላክም ስለሚቀበለው፣ ስሙን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ይገባልም። ይሁንና አንዴ ገሠሠ፣ አንዴ ገሰሰ፣ አንዴ ዓለማየሁ፣ አንዴ አለማየሁ ከተባለ ኮምፒውተሩ የተለያየ ሰው ያደርጋቸዋል። አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው በእሱ መጽናት ያስፈልጋል። አንዳንድ የሙዚቃ ማጫወቻዎች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው በስሙ ቦታ ባዶ ሣጥኖች ያሳያሉ፤ ዕቃውን ከመግዛት በፊት አንድ የአማርኛ ፋይል ከፍቶ ማየት ከብዙ ጣጣ ያድናል። ግጥሙን ማን ጻፈ፣ ዜማውን ማን ደረሰ፣ ማን አጀበ የሚለውም ከዲስኩ ወረቀት ላይ ተቀድቶ ካልገባ ከፋይሉ ጋር አይሄድም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያሳተመው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበም ዋጋ ግማሹ በውስጡ ባለው ጽሑፍ ነው።

ማዳመጫው ላይ ሲደረስ፣ ቁጥሩን ወደ ሞገድ የሚለውጠው ክፍል ዳክ ይባላል። በላፕቶፕ ውስጥም አለ፤ ነገር ግን ከፕሮሰሰሩና ከማቀዝቀዣው አጠገብ ስለሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ሁከት ሊደርስበት ይችላል። በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ዳክ ከዚህ ያርቀዋል፤ አሲንክሮነስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ሰዓቱን ራሱ ስለሚቆጣጠር ቁጥሩን በእኩል ፍጥነት ይቀበላል። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሰካ ስፒከሩ እንደ ንብ እምም የሚል ከሆነ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የመሬት ሽቦ ነው፤ በብርሃን የሚሠራ ኦፕቲካል ኬብል ያንን መንገድ ይዘጋዋል። ዊንዶውስ ሁሉንም ድምፅ ቀላቅሎ ወደ 48,000 ሊቀይር ስለሚችል፣ ማጫወቻው ፕሮግራም ዳኩን ለብቻው እንዲይዝ ማዘዝ ተገቢ ነው።

ከሲዲ በላይ የሚባሉት 24 ቢትና 96,000 ልኬት ያላቸው ፋይሎች በዋጋም በመጠንም ይበልጣሉ። የሰው ጆሮ ጣራው 20,000 ኸርዝ ገደማ ሲሆን ሲዲ የሚይዘው ድምፅ የልኬቱ ግማሽ እስከሆነው 22,050 ኸርዝ ይደርሳል። ገንዘብ ያለው ሰው ስፒከር ቢቀይር ልዩነቱን ወዲያው ይሰማዋል፤ ፋይሉን ቢቀይር ግን ላይሰማው ይችላል።

ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ፣ ቢቻል በሌላ ቤት መቀመጥ አለበት፤ ሲዲዎቹም አይጣሉም። እያንዳንዱ የፍላክ ፋይል የሙዚቃውን አሻራ የሚይዝ ቁጥር በውስጡ ስለሚያስቀምጥ፣ የፍተሻ ትእዛዝ ሲሰጠው የተበላሸውን ፋይል ለይቶ ያሳያል። ይህ ፍተሻ በዓመት አንድ ጊዜ ቢደረግ፣ የተበላሸው ፋይል ጤነኛው ቅጂ ሳይጠፋ ይተካል።