በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚጠየቀው ፈቃድ



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የኒካሕ፣ የፍቺ ወይም የውርስ ክርክር ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ስለሚጠየቀው ፈቃድ እንነጋገራለን።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኙ እንደሚችሉ ደንግጓል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ይህንኑ ፈቃድ ይጠይቃል። ድሬዳዋችን ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ስለሆነች ጉዳዩ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል።

ታዲያ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ መጥሪያ ደርሶት የቀረ ተከሳሽ እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ ክርክሩም በሌለበት ይታያል። ስለዚህ ያልፈቀደች እህት መጥሪያውን ደብቃ ከመቀመጥ ይልቅ ቀርባ «አልፈቀድኩም» ትበል። ያን ጊዜ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይመራል። ሁለተኛ፣ አንዴ ፈቅዶ ክርክር የጀመረ ሰው ነገሩ ሲከብደው ፍርድ ቤት ልቀይር ማለት አይችልም።

ይህ መብት በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ክርክር፣ ተከራካሪዋ ሳትፈቅድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሏል።

«ይህ ዲናችንን ይነካል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ኸንሳእ ቢንት ኺዳምን (ረ.ዐ.) አባቷ ያለ ፈቃዷ ሲድሯት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኒካሑን አልሻሩትምን? ሙስሊም በሸሪዓ መዳኘትን ይወዳል። ፈቃዱ ግን ከባለጉዳይዋ አንደበት ይውጣ፤ ወንድም ለእህቱ፣ ባልም ለሚስቱ አይፍቀድላት።

ወላሁ አዕለም።