የበዓል በግና የውሻችን ድርሻ

 

እኔ ልጃችሁ ነኝ። ዕድሜዬ 20 ዓመት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ፤ ፊደል ለማስተማር ዘምቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ በዓል ነው። ስለ ወጡና ስለ ጠላው እናንተ ከኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። እኔ የምነግራችሁ በበዓል ቀን ከእጃችን ወድቆ ውሻ ስለሚያነሳው ነገር ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቦታ ካለ ተመልሳችሁ አንብቡት።

የበዓሉ ዋዜማ

አገሬ መንዝ ነው። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት መሐል ሜዳ ነው። መሐል ሜዳ ትንሽ ከተማ ናት። ደጋ ናት። በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ለብሶ ይታያል። ከተማ ትባል እንጂ ብዙው ሰው ኑሮው እንደ ገጠሩ ነው። በጓሮው በግ ያረባል፤ በደጁ ውሻ ያሳድራል። መንዝ የበግ አገር ነው። ሴቶች የበጉን ጸጉር ይፈትላሉ፤ ከፈትሉም ባና ይሠራል። ያን ብርድ የምንችለው በበጉ ነው ማለት ይቻላል።

ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል። በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ይሆናል። ጾሙ የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ስለዚህ በዓሉ ሲደርስ ሰው ሁሉ ሥጋ ናፍቆታል። እኔም ባለፈው ገና ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጄ ነበር።

ዋዜማው ዕለት ቤታችን ሥራ በሥራ ሆኖ ዋለ። እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። አያቴ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ይፈትላሉ። አባቴ ቢላዋ ይስላል። እኔ እንጨት እፈልጣለሁ። ታናሽ እህቴ 7 ዓመቷ ነው። የእሷ ሥራ ከብቶቹ ናቸው። ላሚቱን ውኃ አጠጣች። ለአህያው ገለባ ጨመረችለት። «ነገ በዓል ነው፤ እነሱም ይጥገቡ» ትላለች። ይህን ያስተማሯት አያቴ ናቸው። በኛ ቤት በበዓል ዋዜማ ከሰው በፊት ከብት ይበላል።

ውሻችን መቻል ይባላል። ካቻምና ጅብ በረት ሊገባ ሲል ጮኾ የቀሰቀሰን እሱ ነው። ያን ሌሊት ጆሮው ተቀደደ፤ በጎቹ ግን ተረፉ። ስለዚህ ሁላችንም እንወደዋለን። እህቴማ አንገቱን አቅፋ ነው የምትውለው። በዚያው እጇ እንጀራ ትቆርሳለች። ይህን ማናችንም ልብ ብለን አናውቅም ነበር።

ሁለት ነጫጭ ከረጢቶች

በገና ጠዋት ሙክቱ ታረደ። የገፈፈው አጎቴ ነው። የአጎቴ እጅ ጥሩ ነው። በቢላዋ ጥቂት ይጀምርና የቀረውን በቡጢ እየገፋ ያወጣዋል። ቢላዋ የበጣው ሌጦ ዋጋው እንደሚወርድ ያውቃል።

ሆዱ ሲከፈት ግን በጉበቱ ላይ ሁለት ነጫጭ ነገሮች ታዩ። አንዱ የዶሮ ዕንቁላል ያህላል፤ ሌላው ያንሳል። ሽፋናቸው ጠንከር ያለ ነው። ውስጣቸው ውኃ ነው። እናንተም በግ፣ ፍየል ወይም በሬ ስታርዱ እንዲህ ያለ የውኃ ከረጢት በጉበት ወይም በሳምባ ላይ አይታችሁ ይሆናል።

አጎቴ እንደ ልማዱ ቆርጦ አወጣው። «እንኪ፣ ለመቻል ስጪው» ብሎ ለእህቴ ሰጣት። መቻል ጅራቱን እየቆላ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ቆይ! ይህ ለውሻ አይሰጥም!» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አያቴ ተቆጡ። «አንተ ልጅ፣ ዓመት ሙሉ በብርድ እያደረ የጠበቀን እሱ አይደለም ወይ? በገና ቀን ድርሻው ሊቀርበት ነው?» አሉኝ።

አጎቴም ሳቀ። «ስንጥል ኖረናል፤ ምን ሆንን?» አለ።

አያቴ ያሉት እውነት ነው። ውሻ የቤት ጠባቂ ነው፤ ድርሻው ሊቀርበት አይገባም። የአጎቴን ጥያቄ ግን መመለስ ነበረብኝ። ትምህርት ቤት የተማርኩትን እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው። ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

ዙሩን ተመልከቱ

አንደኛ። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ተራ ውኃ አይደለም። በውስጡ በዓይን የማይለዩ በጣም ብዙ የትል ጽንሶች አሉ። ውሻ ከረጢቱን ጥሬውን ሲበላ ጽንሶቹ በአንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናሉ። አንዱ ትል ከስንዴ ፍሬ አይረዝምም። ቁጥሩ ግን ብዙ ሺህ ሊሆን ይችላል። ውሻው ግን የታመመ አይመስልም። ይበላል፣ ይጮኻል፣ ይጫወታል።

ሁለተኛ። ከ6 ወይም ከ7 ሳምንት በኋላ ትሉ ዕንቁላል ይጥላል። ዕንቁላሉ ከውሻው ሰገራ ጋር ይወጣል። በዓይን አይታይም። በሣር ላይ፣ በውኃ ውስጥ፣ በጓሮ አትክልት ላይ ይቀራል። በውሻው ጸጉር ላይም ይጣበቃል።

ሦስተኛ። በግ ያን ሣር ሲግጥ ዕንቁላሉን ይውጣል። በጉበቱ ወይም በሳምባው ላይ ከረጢት ያድጋል። በጉ ሲታረድ ከረጢቱ እንደገና ለውሻ ይጣላል። ዙሩ ከዚህ ይጀምራል። ያዞርነው እኛው ነን ማለት ነው።

አራተኛ። ሰው በመካከል ይገባል። ሰው የሚያዘው ከረጢቱን በመንካት ወይም የበጉን ሥጋ በመብላት አይደለም። ይህን ልብ በሉ። የሚያዘው ከውሻ የወጣውን ዕንቁላል ሲውጥ ነው። ውሻ የዳሰሰ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ ዕንቁላሉ ወደ አፍ ይገባል። ከዚያ በኋላ በሰውየው ጉበት ወይም ሳምባ ላይ እንደ በጉ ያለ ከረጢት ያድጋል። የሚያድገው ቀስ ብሎ ነው። ብዙ ዓመት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ልጅ ሆኖ የተያዘ ሰው ሕመሙ የሚሰማው ጎልማሳ ሲሆን ሊሆን ይችላል። አጎቴ «ምን ሆንን?» ያለው ለዚህ ነው። ምክንያቱ ዛሬ ሆኖ ሕመሙ የሚመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ከሆነ፣ ሁለቱን ማን ያገናኛቸዋል?

ጉድጓዱ

ይህን ስናገር እናቴ ዝም ብላ ቆማ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ «ያቺ ጎረቤታችን...» አለች።

ሁላችንም አስታወስናት። በቀኝ ጎኗ በኩል ሆዷ እያበጠ ብዙ ጊዜ ታማ ነበር። አንዱ ምች ነው አላት። ሌላው ቡዳ ነው አላት። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄዳ በቀዶ ሕክምና ከጉበቷ የውኃ ከረጢት ወጣላት። በዚያ ጊዜ ለሕክምናው ሁለት በሬዎቿን ሸጠች። በሚቀጥለው ክረምት መሬቷን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጠች።

«ከጉበቷ ወጣ ያሉት ይህንኑ ይሆን?» አለች እናቴ። ማንም አልመለሰላትም። ሁላችንም የምናየው እህቴን ነበር። ከረጢቱን እንደያዘች ቆማለች። መቻል ደግሞ ከጎኗ ተቀምጧል።

አባቴ ምንም ሳይናገር አካፋና ዶማ አመጣ። ከጓሮ ቆፈርን። የታኅሣሥ መሬት ደረቅ ነው። አጎቴ «ለሁለት ከረጢት ይህን ያህል?» እያለ ቢያጉረመርምም አብሮን ቆፈረ። እስከ ወገብ ድረስ አወረድነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ ውሻ ይቆፍረዋል፤ ጅብም ያወጣዋል። ከረጢቶቹን ከነተጣበቁበት ጉበት ጣልናቸው። አፈር መለስን። ከላይ ትልቅ ድንጋይ ጫንን። እህቴ እጇን በሳሙና ታጠበች።

የመቻል ድርሻስ? አያቴ አልረሱትም። ሳምባውንና የአንጀቱን ትርፍራፊ በአሮጌ ድስት ጣዱት። ከግማሽ ሰዓት በላይ ተንተከተከ። ሲበርድ ራሳቸው ወስደው ሰጡት። «እንኳን አደረሰህ» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። መቻል የበሰለውን እንደ ጥሬው ወደደው።

ከሰዓት በኋላ ወጣቱ ሁሉ ሜዳ ወርዶ ገና ተጫወተ። ሩሯ ወዲያና ወዲህ ስትመታ ሽማግሌዎቹ ዳር ሆነው ይፈርዱ ነበር። አጎቴ ከሰዎች መካከል ቆሞ ስለ ከረጢቱ ሲያስረዳ ሰማሁት። ያስረዳ የነበረው ከኔ በተሻለ ሁኔታ ነው።

ፋሲካ ሲመጣስ?

በፋሲካ ደግሞ የቅርጫ በሬ ይታረዳል። የበሬውም ሌላ ዙር አለው። ኮሶ የያዘው ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የኮሶው ዕንቁላል ሣሩ ላይ ይቀራል። በሬው ይግጠዋል። በበሬው ሥጋ ውስጥ ትንንሽ ነጫጭ ፍሬ የሚመስሉ ጽንሶች ያድጋሉ። ሰው ያን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ኮሶ ይሆናል። ኮሶው ብዙ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ይህን ዙር የሚቆርጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። እነሱም መጸዳጃ ጉድጓድና እሳት ናቸው። ጥሬ ሥጋ የአባቶቻችን ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን በደንብ የበሰለ ሥጋ ኮሶ አያመጣም።

ምን እናድርግ?

1. በበዓልም ሆነ በሌላ ቀን ስታርዱ ጉበቱንና ሳምባውን አገላብጣችሁ እዩ።

2. የውኃ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ አትጣሉ። አቃጥሉት፣ ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ጥልቅ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ መጣልም ይቻላል።

3. ለውሻ የሆድ ዕቃ ስትሰጡ ቀቅላችሁ ስጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይንተክተክ።

4. ውሻ ከዳሰሳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳሙና ከሌለ በአመድ ታጠቡ። ልጆችን አስለምዱ።

5. የውሻ ትል መድኃኒት አለው። ፕራዚኳንቴል ይባላል። በአቅራቢያችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል እንጂ ዕንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ መድኃኒት የወሰደ ውሻ ሰገራውን ቅበሩ።

6. ውሻውን አትጥሉት፣ አትግደሉት። ጥፋቱ የሱ አይደለም። እሱ የበላው እኛ የሰጠነውን ነው።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ጉድጓዱን ለመቆፈር የፈጀብን አንድ ሰዓት አይሞላም። ጎረቤታችን ግን ሁለት በሬ ከፍላለች። ሁለቱን አመዛዝኑ። በሚቀጥለው በዓል ቢላዋ ስትስሉ አካፋውንም አብራችሁ አዘጋጁ። ከብቱም፣ ውሻውም፣ ልጁም በጤና ለዓመቱ ይድረሱ።

በቡድን ተወያዩበት

ሀ. ባለፈው በዓል ካረዳችሁት የተረፈው የሆድ ዕቃ የት ተጣለ? ማን በላው?

ለ. ሰው በውኃ ከረጢት በሽታ የሚያዘው እንዴት ነው? ሥጋ በመብላት ነው ወይስ ሳይታጠቡ በመብላት?

ሐ. በሰፈራችሁ ለበዓል ዕርድ አንድ የጋራ ጉድጓድ ለመቆፈር ማን ይጀምር? ስሙን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።