ፀሐይዋ በነፃ፣ ባትሪው በገንዘብ

ከእንጦጦ ተራራ ሥር፣ ከቁስቋም ዳገት ላይ ቆሞ በምሽት ቁልቁል የሚመለከት ሰው አዲስ አበባ በመብራት አሸብርቃ ያያታል። ይሁንና በዚሁ ሰፈር ከምንኖረው መካከል የብዙዎቻችን ዘመዶች ዛሬም መብራት ባልገባበት ገጠር ይገኛሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ «አጎቴ፣ ሶላር ግዛልኝና ስልክ ቻርጅ እያደረግሁ፣ ፀጉር እያስተካከልሁ ራሴን ልቻል» ብሎ ቢልክብን ምን እንመልስለታለን?

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በምትገኘው ሚቶ መንደር እ.ኤ.አ. በ1985 10.5 ኪሎ ዋት የፀሐይ ኃይል ተተክሎ ለቤቶችና ለትምህርት ቤት ብርሃን ሰጥቷል። በ1989 ደግሞ ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ ለመንደሩ የውኃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ ኃይል እንዲሰጥ ተደርጓል።

ከዚያም በ2000ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በምትገኘው ሬማ፣ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በየቤቱ አነስተኛ የሶላር መብራት አስገባ። ትልቁ ቁም ነገር ግን ዕቃውን ተክሎ አለመሄዱ ነው። ቴክኒሻኖች የሚሠለጥኑበትን ትምህርት ቤት እዚያው ሬማ ከፈተ። በ2009 አሽደን የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ጠጋኝ በአቅራቢያው የሌለ ሶላር፣ አንዲት ሽቦ የተቃጠለች ዕለት ከጣሪያ ክዳን አይሻልምና!

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። 100 ዋት የሆነ አንድ የሶላር ሰሌዳ በቀን 5 ሰዓት ያህል ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 500 ዋት ሰዓት ይሰጣል። በሙቀት፣ በአቧራና በባትሪው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ እጅ ላይ የሚቀረው 350 ገደማ ነው። 10 ዋት የሚበላ ቶንዶስ 5 ሰዓት ቢሠራ 50፣ ባለ 5 ዋት አምፖል 4 ሰዓት ቢበራ 20 ይወስዳል። በቀረው 280፣ አንዱ ስልክ 20 ገደማ ቢፈጅ፣ 14 ስልኮች ይሞላሉ። በክረምት ፀሐይዋ በግማሽ ብትቀንስ ግን ለስልክ የሚተርፈው 105 ብቻ፣ ማለትም የ5 ስልክ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ሥራው የሚመዘነው በበጋው ገቢ ሳይሆን በክረምቱ ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድማ ብቻውን 3 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚፈልግ በዚህ ሰሌዳ አይታሰብም።

ሁለተኛው ጉዳይ ባትሪው ነው። ሰሌዳው በአግባቡ ከተያዘ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ግን ቢበዛ በጥቂት ዓመታት ያልቃል፤ በየምሽቱ ከግማሽ በታች እስኪወርድ ከተሠራበት ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል። የሊቲየም ባትሪ ዋጋው ቢወደድም ዕድሜው ይረዝማል። የብዙዎች ሱቅ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። በየቀኑ የገባው ሳንቲም ሁሉ ትርፍ መስሎ ይበላና፣ ባትሪው ሲሞት መተኪያ ይጠፋል።

ታዲያ ለእህታችን ልጅ የምንሰጠው መልስ ምንድን ነው? በወለድ ተበደር እንዳንለው ወለድ (ሪባ) ሐራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመሩትን ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮችን መጠየቅ ይቻላል። ለቤተሰብ ግን ከዚህም የቀረበ መንገድ አለ፤ እርሱም ሙዷረባ ነው። አጎት ገንዘቡን ያወጣል፣ ልጁ ጉልበቱንና ጊዜውን ያወጣል፤ ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ልጁ ሳያጠፋ ኪሳራ ቢደርስ የገንዘቡን ጉዳት የሚሸከመው ባለገንዘቡ ነው፤ ልጁም ልፋቱ ይቀርበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሙዷረባ ዋናው ገንዘብ ሳይመለስ ትርፍ አይባልም። ስለዚህ የባትሪው መተኪያ በየወሩ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ክፍፍሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ወጣቶች ሆይ! ሶላሩን ከመጠየቃችሁ በፊት በመንደራችሁ ስንት ስልክና ስንት ፀጉር ተስተካካይ እንዳለ ቁጠሩ፤ በአቅራቢያችሁ ጠጋኝ ከሌለ ሙያውን ራሳችሁ ተማሩ። ስምምነቱንም በጽሑፍ አድርጉት። እናንተም የከተማ አጎቶች፣ ከሰሌዳው ጋር አንድ የሒሳብ ደብተር አብራችሁ ላኩ። አላህ በረካ ያድርግበት!