የሚታከመውም የሚፈቅደውም አንጎል

ማንኛውም ቀዶ ሕክምና የሚጀምረው ከታካሚው ፈቃድ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ስለ እግሩ፣ ኩላሊቱ የታመመ ስለ ኩላሊቱ ሲወስን፣ ሐኪሙ የሚያስረዳውን ሰምቶ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተማክሮ ይፈርማል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ውሳኔው ልክ መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ያው የፈረመው ሰው ነው። በአንጎል ቀዶ ሕክምና ግን ይህ መተማመኛ ይናጋል፤ ምክንያቱም ቢላዋው ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦው የሚነካው ፈቃድ የሰጠውን አካል ራሱን ስለሆነ፣ ሕክምናው ምርጫን፣ ጠባይንና ስሜትን ሊለውጥ ይችላል። በጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም ለማውጣት ወይም ዕጢ ለማስወገድ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሕይወት ራሷ አደጋ ላይ ስለምትሆን ጥያቄው ብዙም አይነሣም። የሚከብደው ለመንቀጥቀጥ፣ ለሚጥል በሽታና ለድባቴ ሲባል ወደ አንጎል በሚገባበት ጊዜ ነው።

ሙያው በዚህ ረገድ ከባድ የታሪክ ዕዳ አለበት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፖርቱጋላዊው የነርቭ ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ በ1935 በሊዝበን የአእምሮ ሕሙማንን የፊት አንጎል ከቀሪው የአንጎል ክፍል ጋር የሚያገናኙትን የነርቭ መስመሮች የማቋረጥ ሕክምና ጀመረ፤ በ1949 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራው ነበር። አሜሪካዊው ዋልተር ፍሪማን ዘዴውን አቅልሎ በአገሩ ሲያስፋፋው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሠራባቸው፤ ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ በሕክምናው ጠባያቸው ደንዝዞ፣ ንቃታቸው ጠፍቶ ቀርተዋል። በ1953 ደግሞ በሃርትፎርድ ከተማ፣ በሚጥል በሽታ የሚሠቃየው የ27 ዓመቱ ሄንሪ ሞላይሰን ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ከሁለቱም ወገን በከፊል ተቆርጦ ወጣለት፤ በሽታው ቀለለለት፣ ነገር ግን በ2008 እስኪሞት ድረስ አዲስ ነገር በትዝታው መያዝ አልቻለም። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲሥል ስታደርገው እጁ ከቀን ወደ ቀን ሲሠለጥን፣ እርሱ ግን በየጊዜው ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ይመስለው ነበር። ሳይንስ ከዚህ ሰው ማስታወስ አንድ ወጥ ችሎታ አለመሆኑን ተምሯል፤ የተከፈለው ዋጋ ግን የእርሱ ነበር፣ የተቆረጠውም አልተመለሰም።

አለመመለሱ ነው እንግዲህ የዘርፉ ትልቁ ፍርሃት፤ በ1987 በፈረንሳይዋ ግረኖብል የታየው ነገር ያን ያህል የከበደውም ስለዚህ ነው። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ አሊም ሉዊ ቤናቢድ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሕሙማን በጊዜው የተለመደውን ሕክምና ይሰጥ ነበር፤ ይኸውም ከአንጎል መካከል የሚገኘውንና የነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈውን ታላመስ የተባለ ክፍል በጥቂቱ በሙቀት ማቃጠል ነው። ከማቃጠሉ በፊት የመሣሪያው ጫፍ በትክክለኛው ስፍራ ማረፉን ለማረጋገጥ የኤሌክትሪክ ምት ይሰጥ ነበር፤ የምቱ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 100 ሲጠጋ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥም ተመለሰ። ሊቃጠል የነበረው ሥጋ በቦታው እንዳለ የተፈለገው ውጤት ስለተገኘ፣ የሚበራና የሚጠፋ፣ ሲያስፈልግም የሚስተካከል ሕክምና መንገዱ ተከፈተለት።

ከሕክምናው ጀርባ ያለው አስተሳሰብም በዚያው ሰሞን ይጎለብት ነበር። በ1990 በአሜሪካ ሐጋይ በርግማን፣ ቶማስ ዊችማንና ማህሎን ዴሎንግ መንቀጥቀጥና የእንቅስቃሴ መዘግየት የሚያመጣውን የፓርኪንሰን በሽታ የመሰለ ሕመም እንዲይዛቸው በተደረጉ ጦጣዎች ላይ ከታላመስ ሥር ያለውን ንዑስ ታላመስ የተባለ ትንሽ የሕዋሳት ክምችት ሲጎዱት እንስሳቱ መንቀሳቀስ እንደቻሉ አሳዩ። በፓርኪንሰን ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱት ሕዋሳት ስለሚሞቱ፣ ይህ ክምችት ከልክ በላይ እየሠራ፣ ፍሬኑ እንደተያዘ መኪና እንቅስቃሴን ይገታል። በዚህ አስተሳሰብ ሕመሙ የአንድ ነጥብ ብልሽት ሳይሆን የተያያዙ መስመሮች ምት መዛባት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ምቱን የሚያስተካክለው ሕዋሳቱን ጸጥ በማሰኘት ነው ወይስ የተዛባውን ድምፅ በመደበኛ ምት በመተካት የሚለው ግን ሊቃውንቱን አሁንም ያከራክራል። ክርክሩ ባይቋጭም ከ150 ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች አንጎልን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃው መሣሪያ ተገጥሞላቸዋል።

በብዙ ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምናው የሚካሄደው ታካሚው ነቅቶ ሳለ ነው፤ ራስ ቅሉን የሸፈነው ቆዳ ቢደነዝዝ በቂ ነው፣ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውምና። ጭንቅላቱ በብረት ማቀፊያ ተይዞ፣ የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ተከፍቶ፣ ፀጉር የሚያክል ኤሌክትሮድ ሚሊሜትር በሚሊሜትር ሲወርድ፣ የሕዋሳቱ ምት በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ጫፉ ከሽምብራ ብዙም የማይበልጠው ንዑስ ታላመስ ውስጥ ሲገባ ድምፁ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይጠነክራል። በዚያን ጊዜ ታካሚው ኩባያ እንዲያነሣ ወይም በወረቀት ላይ ክብ እየደራረበ እንዲሥል ይጠየቃል፤ ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሰበር የነበረው መስመር ለስልሶ ይሄዳል። ሽቦው ከዚያ በኋላ በአንገት ቆዳ ሥር ተስቦ ከደረት ቆዳ ሥር ከሚቀመጥ ባትሪ ጋር ይገናኛል። ከመቶ ታካሚዎች ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት አንጎላቸው ውስጥ ደም ሊፈስ ስለሚችል፣ ይህ ሳይነገር የተፈረመ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም።

ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን መሣሪያው በትክክል እየሠራ የሚመጣው ነገር ነው። በ2004 ኔዘርላንዳውያን ሐኪሞች የ62 ዓመት ፓርኪንሰን ታማሚ ታሪክ አሳተሙ፤ ሰውየው መሣሪያው ሲበራለት ይንቀሳቀሳል፣ ነገር ግን ማኒያ በሚባለው ከልክ ያለፈ የመነቃቃትና የመኩራራት ሕመም ተይዞ ገንዘቡን ይበትንና በዕዳ ይዘፈቃል። ሲጠፋ አእምሮው ይረጋል፤ ሰውነቱ ግን ከአልጋ የማይነሣ፣ ሙሉ በሙሉ የሰው እጅ የሚያይ ይሆናል። መድኃኒትም ማስተካከያም መካከለኛ መንገድ ስላልሰጡት፣ ሐኪሞቹ መሣሪያውን አጥፍተው፣ አእምሮው በረጋበት ሰዓት የትኛውን እንደሚመርጥ ጠየቁት፤ እርሱም መሣሪያው በርቶ በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል መኖርን መረጠ። ሐኪሞቹ ጠፍቶ ሳለ መጠየቃቸው ተገቢ ነበር፤ ይሁንና በዚያ ሰዓት የመረጠው ሰው በምርጫው ከሚኖረው ሰው በፍላጎቱ የተለየ ነውና፣ የአንዱ ፊርማ ሌላውን እስከ ምን ድረስ እንደሚያስር ሕግም ፍልስፍናም እስካሁን አልቆረጡለትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ለውጥ ቢመጣ ማን እንዲወስንለት እንደሚፈልግ ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢያሳውቅ፣ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹም ከመጀመሪያው ቢሰሙ ይሻላል፤ የጠባይን ለውጥ ብዙ ጊዜ ከታካሚው ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው።

በድባቴ ሕክምና ላይ ደግሞ ችግሩ ከተስፋ መቁረጥ ይነሣል። በ2005 በቶሮንቶ መድኃኒት ካልሠራላቸው ስድስት ታማሚዎች አራቱ በዚሁ ዘዴ ሲሻላቸው ብዙ ተስፋ ተጥሎ ነበር፤ ኋላ ግን 90 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ መሣሪያው በበራላቸውና ሳይነገራቸው ጠፍቶ በቆየባቸው መካከል በስድስት ወር ውስጥ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። መሞትን እስከ መመኘት የደረሰ ሰው የቀረበለትን ሁሉ እሺ ማለቱ ስለማይቀር፣ ጥንቃቄው ከታካሚው ይልቅ ከተመራማሪው ይጠበቃል።

ቢላዋም ሽቦም የማያስፈልገው መንገድም መጥቷል፤ በአሜሪካ በ2016 ለእጅ መንቀጥቀጥ የተፈቀደው የድምፅ ሞገድ ሕክምና ራስ ቅልን ጨርሶ አይከፍትም፤ ከሺሕ የሚበልጡ የድምፅ ምንጮች በአንድ ነጥብ ተገናኝተው ቦታውን ያግላሉ። ቢላዋ የለም ተብሎ ግን ቀላል ሆኖ መታየት የለበትም፤ የሚቃጠለው ሥጋ እንደ ቀድሞው ዘመን ሁሉ ተመልሶ አይበቅልም።

ሽቦና ባትሪ የተገጠመለት ሰው ደግሞ ሕክምናው በአንድ ቀን አያልቅለትም። ባትሪው እንደ ዓይነቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቀየራል፣ የኤሌክትሪኩ መጠንም በየጊዜው በሠለጠነ ሰው ይስተካከላል፤ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የተገጠመለት ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ ለመመለስ ቢያስብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህን የሚሠራለት የት እንደሚያገኝ ነው። መሣሪያውን የገጠመ ወገን እስከ መጨረሻው የመንከባከብ ግዴታው በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ፣ ታካሚው የፈረመው በግማሹ ብቻ ነው። በአውስትራሊያ 15 የሚጥል በሽታ ታማሚዎች በሽታው ሊነሣ ሲል የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በአንጎላቸው ላይ ተገጥሞላቸው ነበር፤ ሠሪው ኩባንያ ገንዘብ ሲያልቅበት እንዲወጣ ተወሰነ። አንዲት ሴት ግን በመሣሪያው ምክንያት ለብቻዋ መውጣትና መግባት ችላ ስለነበር አልሰጥም አለች፤ ከባሏ ጋርም ቤታቸውን አስይዘው ሊገዙት ሞከሩ። አልሆነላቸውም፤ ከሁሉም በመጨረሻ የእርሷ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህም ራሷን እንዳጣች ትናገር ነበር።