ያለ ኦክስጅን የሚኖረው የዓሣ ጥገኛ እና ያልተፈታው የሕዋሱ ምስጢር

እንስሳት በሙሉ በሕይወት ለመቆየት ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። ይህ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ፣ ለረጅም ዘመን ሲታመንበት የኖረ ዕውቀት ነው። በሳልሞን ዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚኖር አንድ ጥገኛ ተሕዋስ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ኾኖ ተገኝቷል።

ሔኔጉያ ሳልሚኒኮላ የሚል ሳይንሳዊ ስያሜ ያለው ይህ ጥገኛ፣ በሰሜን ፓስፊክ የሚገኙ የሳልሞን ዝርያዎችን ያጠቃል። በዘር ሐረጉ የጄሊፊሽ እና የኮራል ዘመድ ነው። ይሁን እንጂ አካሉ እጅግ ቀላል ኾኗል፤ ከዓሣው የሚወጣው ስፖር ከ10 ያነሱ ሕዋሳት ብቻ አሉት።

የግኝቱን ክብደት ለመረዳት ማይቶኮንድሪያን ማወቅ ያሻል። ማይቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፣ ኦክስጅንን ተጠቅሞ ከምግብ ኀይል የሚያመነጭ ጥቃቅን አካል ነው። ከሕዋሱ ዋና ማዕከል የተለየ የራሱ ዘረመልም አለው። በሰው ልጅ ይህ ዘረመል 37 ጂኖችን ይይዛል፤ የሚወረሰውም ከእናት ነው።

በእስራኤል የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ዶሮቴ ሁሾን እና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ይህ ጥገኛ የማይቶኮንድሪያ ዘረመሉን ሙሉ በሙሉ ማጣቱን አሳይተዋል። ውጤቱ የምርመራ ስሕተት እንዳልኾነ ያረጋገጡት ከቅርብ ዘመዱ ጋር በማነጻጸር ነው። ሚክሶቦለስ ስኳማሊስ የተባለው ሌላው የሳልሞን ጥገኛ በተመሳሳይ ዘዴ ሲመረመር ዘረመሉ ተገኝቷል። ዘረመልን በሚያበራ ቀለም የተደረገው የማይክሮስኮፕ ምርመራም ያንኑ ልዩነት አሳይቷል።

እንቆቅልሹ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዘረመሉ ቢጠፋም ማይቶኮንድሪያ መሰል አካላቱ አልጠፉም። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ የውስጥ እጥፋቶቻቸው ጭምር ይለያሉ። ነገሩ ወፍጮው ተነሥቶ የወፍጮ ቤቱ እንደቆመ የመቅረት ያህል ነው። ታዲያ በቤቱ ውስጥ ምን ይሠራል? በሕዋሱ ዋና ማዕከል የቀሩት ጂኖች፣ እነዚህ አካላት ከመተንፈስ ውጭ ያሉ አንዳንድ ኬሚካላዊ ሥራዎችን ዛሬም እንደሚያከናውኑ ይጠቁማሉ። ጥገኛው ኀይል የሚያገኝበት መንገድ ግን እስካሁን በግልጽ አልተለየም። ተመራማሪዎቹ ከሚሰጧቸው ግምቶች አንዱ የተዘጋጀ ኀይል ከዓሣው ሕዋሳት ይወስዳል የሚል ነው።

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ያለፈ ትርጉም አለው። ጥገኛው ሰውን ባይጎዳም በዓሣው ሥጋ ውስጥ ወተት መሰል ፈሳሽ የያዙ ነጫጭ እባጮችን ይፈጥራል። እንዲህ ያለውን ዓሣ ገዥ ስለማይፈልገው የአሥጋሪው ድካም ያለ ዋጋ ይቀራል። መድኃኒት ሲፈለግ ደግሞ ዋናው ችግር ዓሣውን ሳይነኩ ጥገኛውን ለይቶ መምታት ነው። ሁለቱ ኀይል የሚያገኙበት መንገድ የተለያየ መኾኑ በትክክል ሲታወቅ፣ ልዩነቱን ዒላማ ያደረገ ሕክምና ለመፈለግ በር ሊከፍት ይችላል።

ግኝቱ ስለ ሕይወት ያለውን አስተሳሰብም አርሟል። ፍጥረት በዘመናት ሂደት ሁልጊዜ እየተወሳሰበ አይሄድም፤ በሌላው ጫንቃ ላይ መኖር የቻለ ተሕዋስ፣ ያለዚያ ሊኖር አይችልም የተባለለትን እንኳ አራግፎ ሊኖር ይችላል።