ራም ሲሳሳት አይጮኽም

በጥር የሰርግ ወቅት መሃል አንድ የቪዲዮ አቀናባሪ ወጣት ማሽኑን ታቅፎ ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ ሃርድ ዲስኩ እየሞተብኝ ነው» አለኝ። ከካሜራው ካርድ የገለበጣቸው ቪዲዮዎች መሃል ላይ ሲደርሱ ምስላቸው ይበጣጠሳል፤ ጥቂቶቹ ጭራሽ አይከፈቱም። ካርዱን ደግሞ «ገልብጬ ጨርሻለሁ» ብሎ ለሚቀጥለው ሰርግ አጽድቶታል።

ዲስኩን መረመርኩት፤ ጤነኛ ነው። ማታ ሱቁን ስዘጋ የራም መፈተኛውን ሜምቴስት86ን ከፍላሽ አስነስቼ ሄድኩ። ጠዋት ስከፍት ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመሮች ተደርድረው ጠበቁኝ። የታመመው ዲስኩ ሳይሆን ራሙ ነበር።

ምን እንደቀየረ ጠየቅኩት። ማሽኑ ራይዘን 5 3600 ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ስድስቱንም ኮር 4.2 ጊጋኸርዝ ላይ አስሮታል። በዚያው ቀን በነበሩት ሁለት ራሞች ላይ ሌላ ሁለት ጨምሮ 32 ጊጋባይት አደረሰውና፣ ባዮስ ገብቶ ኤክስኤምፒ የሚባለውን የራሙን አምራች የፍጥነት ቅንብር በመክፈት የራሙን ፍጥነት 3600 አለው። ማሽኑ ተነሳ፤ ጌም ተጫወተበት፤ አንድም ቀን አልዘጋበትም። ስለዚህ አመነው።

ይህ እምነት ነው ሰውን የሚጎዳው። ከአቅሙ በላይ የተነዳ ፕሮሰሰር ብዙውን ጊዜ ያስታውቃል፦ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል ወይም ማሽኑን ድንገት ያጠፋዋል። ራም ግን አንዲት ቢት ገልብጦ ዝም ሊል ይችላል። ከካርድ ወደ ዲስክ የሚገለበጥ ፋይል ሁሉ በራም በኩል ያልፋል፤ እዚያ የተሳሳተችው ቢት ዲስኩ ላይ እንደ እውነት ትጻፋለች። የሰርቨር ማሽኖች እንዲህ ያለውን ስህተት ይዞ የሚያርም ኢሲሲ የሚባል ራም አላቸው። ቤታችንና ስቱዲዮአችን ባሉት ማሽኖች ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም።

እኔ ይህን ትምህርት ያገኘሁት እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ላይ በዋለው የኢንቴል ኮር 2 ኳድ ኪው6600 ላይ ነው። የዚያ ፕሮሰሰር ሂሳብ በወረቀት ይሠራ ነበር፦ 266 ሜጋኸርዝ የመስመር ምት በ9 ሲባዛ 2.4 ጊጋኸርዝ። ምቱን ወደ 333 ካሳደግከው 3 ጊጋኸርዝ ታገኛለህ። ነገር ግን ራሙም በዚያው ምት ላይ በምጥጥን ታስሯል። 800 የተባለ ዲዲአር2 ራም በ266 ምት 800 ላይ የሚደርሰው በ2 ለ 3 ምጥጥን ነው። ምጥጥኑን ሳትነካ ምቱን 333 ብታደርገው ራሙ 1000 ላይ ይወጣል፤ ከተሠራለት አቅም በሩብ አለፈ ማለት ነው። ማሽኑ ይወድቃል። እኛ ደግሞ ጥፋቱን ፕሮሰሰሩ ላይ ጥለን ቮልቴጅ እንጨምርለታለን። ምንም ያላጠፋውን በሙቀት እናሰቃየዋለን።

ፕሮሰሰርና ራም በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ናቸው። አንዱን ለይተህ ብትገርፈው ትልሙ ይጣመማል እንጂ እርሻው አይፈጥንም። በኪው6600 ላይ መድኃኒቱ ምጥጥኑን 1 ለ 1 ማድረግ ነበር። ራሙ 667 ላይ፣ ከአቅሙ በታች ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ቢወድቅ ራሙን ከጥርጣሬ ነጻ አድርገህ ፕሮሰሰሩን ትመረምራለህ። የፕሮሰሰሩ ልክ ሲታወቅ በ5 ለ 6 ምጥጥን ራሙን ወደ 800 ትመልሰዋለህ።

ዛሬ የፕሮሰሰሩ ማባዣ ለብቻው ስለሚነካ ያ እስራት የላላ ይመስላል። ቀንበሩ ግን ቦታ ለወጠ እንጂ አልተፈታም፤ ራሙን የሚያዘው መቆጣጠሪያ አሁን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። በራይዘን 3000 ትውልድ ላይ የውስጥ ማገናኛው ከራሙ ጋር እኩል ሲመታ ነው የሚያምርበት። 3600 የተባለ ራም እውነተኛ ምቱ 1800 ነው፤ ማገናኛውም 1800 ላይ አብሮት ይሄዳል። ከዚያ ብዙ ካለፍክ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ቁጥሩ አድጎ መዘግየቱም አብሮ ያድጋል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥርም ብቻውን አይበቃም። 3200 ራም በሲኤል (የመዘግየት ቁጥሩ) 16 መልስ ለመጀመር 10 ናኖ ሰከንድ ይፈጅበታል። 3600 ራም በሲኤል 18 እንዲሁ 10 ናኖ ሰከንድ ነው። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ ብዙ ይሸከማል፤ ለመነሳት ግን ከመጀመሪያው አይቀድምም።

ደግሞም ያ ቁጥር የራሙ አምራች ቃል ነው፤ ፕሮሰሰሩ አልፈረመበትም። ኤክስኤምፒን መክፈት ራሱ ከተፈቀደው ልክ በላይ መንዳት (ኦቨርክሎክ) ነው፤ ብዙ ጊዜ የዲዲአር4ን ቮልቴጅ ከ1.2 ወደ 1.35 ያወጣዋል። ኤኤምዲ ለዚህ ልጅ ፕሮሰሰር በይፋ የሰጠው ልክ በሁለት ራም 3200 ነው። ቦታው በአራት ሲሞላ ባለ አንድ ረድፍ ራም ከሆነ ወደ 2933፣ ባለ ሁለት ረድፍ ከሆነ ወደ 2667 ይወርዳል። ልጁ ለሁለት የታሰበውን ሸክም እንኳ አሳልፎ፣ አራት ራም አሸክሞ 3600 ጠየቀው።

ስለዚህ የእኔ ደንብ ይህ ነው። መጀመሪያ ራሙን ዝቅተኛ መደበኛ ፍጥነቱ ላይ አስቀምጬ የፕሮሰሰሩን ልክ እፈልጋለሁ። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን ወደ ፋብሪካ ልኩ እመልስና የራሙን ልክ እፈልጋለሁ። ሁለቱን የማገናኛቸው በመጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜም ከሁለቱም ልክ ትንሽ ቀንሼ። ብቻውን ያለፈ ራም ፕሮሰሰሩ ሲግል ሊወድቅ ስለሚችል፣ ፈተናውን ሁለቱም እየሠሩ እደግመዋለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየራችን በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ያው ፋን እዚህ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። የባሕር ዳርቻ ከተማ ያለ ሰው ያገኘውን ቁጥር እንዳለ የሚገለብጥ ሰው ይህን መርሳት የለበትም።

የልጁን ፕሮሰሰር ወደ ፋብሪካ ልኩ መለስኩት። ራሞቹ ባለ አንድ ረድፍ ነበሩ፤ አራቱንም 2933 ላይ አቆምኳቸው። ሌሊቱን ሙሉ ፈተንኩት፤ አንድም ቀይ መስመር አልወጣም። ሃያ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሬንደር አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ጨመረ።

ከተበላሹት ቪዲዮዎች አብዛኞቹን በከፊልም ቢሆን አተረፍናቸው። አንዱ ግን እምቢ አለ። የሙሽራዋ አያት ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ የተቀረጸው ነው። ልጁ ደጋግሞ ሞክሮት ሲያበቃ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እኔም ምንም አልተናገርኩም፤ አንድ ደቂቃ ተኩል በምን እንደሚመዘን ሁለታችንም አይተነዋል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ፍጥነት ጨምርልኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው፣ ባዮስ ከመክፈቴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በዚህ ማሽን ውስጥ የሚያልፈው የማን ነው? ለጌም ብቻ ከሆነ አብረን ልኩን እንፈልጋለን። የሌላ ሰው ሰርግ፣ የሌላ ሰው ለቅሶ፣ የሌላ ሰው የሂሳብ መዝገብ ከሆነ ግን ራሙን ፕሮሰሰሩ በፈረመበት ልክ ላይ አስቀምጬ፣ ቁጥሩንና የተፈተነበትን ሰዓት በወረቀት ጽፌ ኬዙ ውስጥ እለጥፋለሁ።